ዋቱ መጨረሻ ይምጣ፦ የቤት ሌዘር መቅረጫ ለመግዛት ላሰባችሁ

የመጀመሪያዋን ሌዘሬን የገዛሁት ካርቶኗ ላይ "40 ዋት" ስለሚል ነው። ሻጩም "ይቺ ብረት ትቆርጣለች" ብሎ ማለልኝ። እኔም አመንኩ። ቤት አመጣሁና ሦስት ሚሊሜትር ኮምፖልሳቶ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ እንድትቆርጥ አዘዝኳት። አንዴ ዞረች። ሁለቴ ዞረች። በስድስተኛው ዙር ክቡ ከሰል መሰለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ቀርቶ እንጨቱም ረታን።

ጥፋቱ የማሽኗ አልነበረም። 40 ዋት የተባለው የሌዘር ሞጁሏ የምትበላው ኤሌክትሪክ ነው። ብርሃን ሆኖ የሚወጣው 5 ዋት ብቻ ነበር። አንድ ሰማያዊ የሌዘር ዳዮድ፣ ማለትም ጨረሩን የሚያመነጨው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ለብቻው የሚሰጠው 5 ወይም 6 ዋት ያህል ነው። "10 ዋት" ሲባል ሁለት ዳዮድ ተጣምሮ ነው፤ "20 ዋት" ሲባል አራት። እውነተኛው 40 ዋት ስምንት ይፈልጋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዩ "ኦፕቲካል ፓወር" የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ከሌለ ጠይቁ። ሻጩ መንተባተብ ከጀመረ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ።

አሁን አሁን "የትኛውን ልግዛ?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ሁሉም ወሬውን በዋት ይጀምራል። እኔ ሁለት ነገር መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ላይ ልትቀርጽ ነው? የት ልታስቀምጠው ነው? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ የሚቀረው ምርጫ ትንሽ ነው።

ብርሃኑና ዕቃው ካልተዋደዱ

ሌዘር አንድን ዕቃ የሚያቃጥለው ዕቃው ብርሃኑን ሲውጠው ነው። ካሳለፈው ወይም መልሶ ካንጸባረቀው ምንም አይሆንም። የቤት ማሽኖች ደግሞ ብርሃናቸው አንድ አይደለም። ዳዮዱ ሰማያዊ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያለበት፣ ሲኦቱ የምንለው፣ 10,600 ናኖሜትር ላይ ነው። ፋይበር የሚባለው ሌዘርና ትንንሾቹ ኢንፍራሬድ ሞጁሎች 1,064 ላይ ይሠራሉ። ሁለቱን የኋለኞቹን ዓይን አያያቸውም።

ቁጥር በማንበብ ብቻ ይሄ ነገር አይገባም። እኔ የገባኝ በእናቴ ጠረጴዛ ነው። አንድ ወዳጄ ለካፌው የሚሆን ጥርት ያለ አክሪሊክ አመጣና ስሙን ቅረጽልኝ አለኝ። አስተካክዬ አስቀመጥኩ፤ ማሽኗ ትመላለሳለች፤ ጭስም ይወጣል። ደስ አለኝ። ሲያልቅ አክሪሊኩን አነሳሁት። ጭረት እንኳን የለበትም። የካፌው ስም ቁልጭ ብሎ የተጻፈው ከሥር ጠረጴዛው ላይ ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና "አንተ ልጅ፣ ቤቴን ሻይ ቤት ልታደርገው ነው?" አለችኝ።

ሰማያዊ ብርሃን ጥርት ባለ አክሪሊክ ውስጥ ፀሐይ በመስኮት እንደምትገባው ነው የሚያልፈው። ሰማያዊ ቀለም ያለውን አክሪሊክም እንደዚሁ ያልፈዋል። ጥቁሩን ግን ይቆርጠዋል። ሲኦቱ በተቃራኒው ጥርት ያለውን አክሪሊክ እንደ ቅቤ ይቆርጣል፤ ጠርዙም አብረቅርቆ ነው የሚወጣው። ብርጭቆም ላይ በቀጥታ ይጽፋል። ያልተቀባ ብረት ላይ ግን አቅም የለውም። ብረት የ1,064ቱ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ወረቀት አምጡና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልትሠሩ የምታስቡትን አሥር ነገር ጻፉ። እንጨት፣ ቆዳና ቀርከሃ ከበዛ ዳዮድ ነው። የአክሪሊክ ማስታወቂያና ዋንጫ ከበዛ ሲኦቱ ነው። ቀለበት፣ የብር ሐብልና የብረት መለያ ከሆነ ፋይበር። ዝርዝሩ አሥር ካልሞላ ደግሞ ለጊዜው አትግዙ። ንድፉን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ሌዘር ያለው ቤት አስቀርጹ። አምስት ስድስት ዕቃ ሠርታችሁ ሽጡ። እንዲህ ጀምሮ ሥራው እንደማይመቸው ያወቀ ጓደኛ አለኝ፤ የከሰረው ጥቂት ሺህ ብር ብቻ ነው።

ሰማያዊው ዳዮድ

ለአብዛኛው ጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው፤ ከዚያም ውስጥ ክፍት ፍሬም ያለውን 10 ዋት። ስካልፕፈን፣ ኦርቱር፣ አቶምስታክ፣ ኤክስቱል፣ ክሪያሊቲ እያሉ ብዙ ስም ታያላችሁ። በአሠራር አብዛኞቹ ወንድማማች ናቸው፦ አራት የአልሙኒየም ዘንግ፣ ቀበቶ፣ ሞተር፣ መሐል ላይ የሌዘር ጭንቅላት። የሥራ ቦታቸው 40 በ40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዋጋቸው በውጭ ገበያ ከ250 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይውላል፤ ማጓጓዣውንና ቀረጡን እናንተ ጨምሩበት።

5 ዋቱ አይናቅም። መቅረጽ ብቻ ከሆነ ይበቃል፤ የጨረሩ ነጥብ ቀጭን ስለሆነ ፎቶ ላይ ከ20 ዋቱ የሚያምርበት ጊዜ አለ። 10 ዋቱ ሦስት ሚሊ ኮምፖልሳቶን በአንድ ወይም በሁለት ዙር ይቆርጣል፣ አየር ካገኘ። 20 ዋቱ ለመቁረጥ ነው የሚገዛው። ቆርጣችሁ የምትገጣጥሙት ሳጥን፣ መብራት ወይም የልጆች እንቆቅልሽ ካሰባችሁ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ስም ብቻ ለመጻፍ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

"አየር ካገኘ" ያልኩት ቀልድ አይደለም። ጨረሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ቱቦ አየር እፍ ትላለች። ጭሱን ከጨረሩ መንገድ ታነሳለች፣ ሌንሱን ከጥላሸት ታድናለች፣ ነበልባል ሲነሳም ታጠፋለች። ፋብሪካው የሚሸጠውን መግዛት ትችላላችሁ። እኔ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ፓምፕ ገዝቼ በሲሊኮን ቱቦ አገናኘሁት። ያቺ ስድስት ዙር ዞራ ያልቆረጠችው የመጀመሪያዋ ማሽኔ በአራት ዙር ቆረጠች። ዋት አልጨመርኩም።

ፍጥነትን በተመለከተ ሒሳቡን አንዴ ሥሩት። አሥር በአሥር ሴንቲሜትር የሆነ ሥዕል መሙላት ፈለጋችሁ እንበል። መስመሮቹ በ0.1 ሚሊሜትር ርቀት ከተደረደሩ 1000 መስመር ይሆናሉ። እያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ጠቅላላው 100 ሜትር መንገድ። ጭንቅላቱ በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ከሄደ 1000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 17 ደቂቃ ይፈጃል። ዳር ላይ የሚዞርበት ሲጨመር ከ20 አይጎድልም። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ሥራ የተፋጠነ ቪዲዮ ነው።

ዳዮድ የማይችለውን በብልሃት የሚያስችሉ መንገዶችም አሉ። ነጭ አንጸባራቂ የሴራሚክ ዕቃ ላይ፣ ስኒ በሉት ንጣፍ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቀለም ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ይቀረጻል። ቀለሙ ሲታጠብ ጽሑፉ ጠቁሮ ይቀራል፤ በሳሙናም አይለቅም። ብርጭቆ ላይ ደግሞ ጥቁር የውኃ ቀለም ይቀባና ይቀረጻል። ጨረሩን የሚውጠው ቀለሙ ነው፤ ሙቀቱ ብርጭቆውን ይነካዋል።

ክፍት ወይስ ሳጥን ያለው? ቤት ውስጥ ልጅ ወይም ድመት ካለ አትከራከሩ፣ ሳጥን ያለውን ግዙ። ክፍቱ ዳዮድ ክፍል 4 የሚባለው የሌዘር የአደጋ መደብ ውስጥ ነው። ነጸብራቁ እንኳን ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ክፍል 1 ተብሎ የተመዘገበ ሳጥን፣ ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩን የሚያቋርጥ፣ ያለ መነጽር ያሠራችኋል። ክፍቱን ከገዛችሁ መነጽሩ ላይ 450 ናኖሜትር የሚጨምር ክልልና "ኦዲ 5" (ጨረሩን የመከላከል አቅሙ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ይኑር። የዳዮድ መነጽር ለፋይበር አያገለግልም። የፀሐይ መነጽርማ ለሁለቱም አይሆንም።

ባዛር ላይ የሚቀርጹት

ጋልቮ የሚባለው ዓይነት ዘንግና ቀበቶ የለውም። ሁለት ትንንሽ መስታወቶች በፍጥነት እየተወዛወዙ ጨረሩን ይመሩታል። ስለዚህ ይበራል። ከላይ የሠራነው የ17 ደቂቃ ሥዕል በሰከንድ 1000 ሚሊሜትር ከሄደ ከሁለት ደቂቃ በታች ነው። እንደ ኤክስቱል ኤፍ1 ያሉት 10 ዋት ሰማያዊና 2 ዋት ኢንፍራሬድ በአንድ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። እንጨትም ብረትም ይነካሉ፤ ተሸክማችሁ ባዛር ትወስዷቸዋላችሁ። ደንበኛው ቆሞ እያየ የቁልፍ መያዣው ላይ ስሙ ይጻፍለታል። ያ ትርኢት ራሱ ገበያ ይስባል።

ጉድለታቸው ጥበታቸው ነው። የኤፍ1 የሥራ ቦታ 11 ሴንቲሜትር ተኩል በ11 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። የመክተፊያ እንጨት ሙሉውን አታስገቡም። ዋጋውም ከክፍቱ 10 ዋት ሁለት ሦስት እጥፍ ይሄዳል።

ሲኦቱና ውኃው

ኩማር ፓቴል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ቻይና ሠራሹ ሰማያዊ ሳጥን፣ ኬ40 የሚሉት፣ ከ400 እስከ 600 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ለዚያ ዋጋ 40 ዋት የተባለ ቱቦና 30 በ20 ሴንቲሜትር የሥራ ቦታ ይሰጣችኋል። በወረቀት ላይ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው።

እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ቱቦው ብርጭቆ ነው። በጉዞ ይሰበራል። ሳይሠራም ቢቀመጥ ጋዙ ቀስ በቀስ ያልቃል። ያለማቋረጥ ንጹሕ የሚዘዋወር ውኃ ይፈልጋል፤ ፓምፑ ሳይበራ ሌዘሩን አንድ ጊዜ ብትተኩሱት ቱቦው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ኤሌክትሪኩ ነው። ቱቦው የሚነሳው ከ15 ሺህ ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ነው። ይሄ የሚገድል ቮልቴጅ ነው። ኧርዝ በትክክል ያልተዘረጋበት ቤት ውስጥ ኬ40 አትሰኩ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳው አለ፤ ከኋላው ሽቦው የለም። አዲስ አበባ እንዳለ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ስለሚል ከፍተኛ ቮልቴጅ ከቆላው ይልቅ በቀላሉ ይዘላል።

ሥራችሁ አክሪሊክ ከሆነ አማራጭ የለም፣ ሲኦቱ ነው። ያኔ ግን ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ፣ ውኃውን አስተካክላችሁ፣ እንደ ወርክሾፕ ጀምሩት። የመኝታ ቤት ማሽን አይደለም። ለጠረጴዛ ተብለው የሚሠሩ ያማሩ ሲኦቱዎችም አሉ፤ በሺዎች ዶላር። ከእነሱ ውስጥ ግሎውፎርጅ ሥራውን የሚያዘጋጀው በኢንተርኔት በኩል ነው። መስመሩ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። አሜሪካ ላለ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ትልቅ ነው።

ስለ ፋይበር ብዙ አልልም። 20 ዋቱ ብረት ላይ በጥልቀት ይጽፋል፣ ወርቅና ብርም ያስተናግዳል፣ ዕድሜው ረጅም ነው። እንጨት ላይ ግን ያሳዝናል። ወርቅ ቤት ካላችሁ ወይም የብረት ሥራ ትዕዛዝ በእጃችሁ ካለ ግዙት፤ አለዚያ ይቅርባችሁ።

የት ነው የሚቀመጠው?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚጠይቀው። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ መስኮት ከፍቼ ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን መጋረጃው፣ ሶፋው፣ ጋቢዬ ሁሉ የከሰል ሽታ ያዘ። ከዚያ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ነፋሱ ጭሱን ይዞ ልብስ ወዳሰጡት ጎረቤቴ ሄደ። "ልጄ፣ የምትጠብሰውን ነገር ለእኛም አቅምሰን" አሉኝ እትዬ፤ በጨዋ ደንብ መቆጣታቸው ነው።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ሳጥን፣ ቱቦና ቬንትሌተር። አራት ኢንች ቱቦ በመስኮት አውጥታችሁ፣ ቬንትሌተሩን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጉት፤ ከሳጥኑ እየሳበ ወደ ውጭ ይግፋ። ከሳጥኑ ጎን ቢሆን ግን በቱቦው ስንጥቅ ሁሉ ጭስ ይተፋል። መስኮት የሌለው ክፍል ካላችሁ ማሽኑ ምንም ይሁን ምን ሐሳቡን ትታችሁ ቦታ ፈልጉ። ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከሰርቪስ ቤት ጥግ አይበልጥበትም።

ሽታው እንደ ዕቃው ነው። ወይራ ስትቀርጹ ቤቱ ጠላ ሊጠመቅ ጋን የሚታጠን ይመስላል፤ እሱን ማንም አይጠላውም። ኮምፖልሳቶና ኤምዲኤፍ ሙጫቸው ይከረፋል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ቆዳና ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ናቸው። ለሙከራ ቆዳ ስትገዙ በዕፅዋት የለፋውን ጠይቁ። በክሮም የለፋው ሲቃጠል ጭሱ የከፋ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ያለበትን ነገር አትንኩ። የጠረጴዛ ላስቲክ፣ ብዙው አርቴፊሻል ቆዳ፣ የማስታወቂያ ስቲከር። ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣል። ሳንባን ይጎዳል፤ የማሽኑንም ብረት በአጭር ጊዜ ያዝጋል። ከመርካቶ ያመጣችሁት ቆዳ መሳይ ነገር ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ደጅ ወጥታችሁ ፈትኑት። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግሉ፣ ዕቃው ላይ ነካ አድርጉና ሽቦውን መልሳችሁ ነበልባሉ ውስጥ ክተቱ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው። ጣሉት።

ማሽኑ እየሠራ ከአጠገቡ አትነሱ። ቡና ለማፍላት እንኳን። እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ላይ ይኑር።

መብራትና ሶፍትዌር

10 ዋቱ ዳዮድ ከግድግዳ የሚስበው ከ100 ዋት አይበልጥም። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ይሸከመዋል። ይሄ እኛ አገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ማሽኑ የነበረበትን ይረሳል፣ ዕቃውም ይበላሻል። ሲኦቱ ከነፓምፑና ከነቬንትሌተሩ ብዙ መቶ ዋት ይበላል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ "100-240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ መኖሩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት። የዳዮዶቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ግን በ110 ብቻ የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሶፍትዌሮቹ ሌዘርጂአርቢኤል ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ለመጀመር ይበቃል። ላይትበርን ይከፈልበታል፤ ለ30 ቀን ግን በነፃ ያስሞክራል። ከሦስት ወር በላይ ከዘለቃችሁ ላይትበርን ገንዘቡን ያወጣል ባይ ነኝ። በስልክ መተግበሪያ ብቻ ከሚሠራ ማሽን ራቁ፤ መተግበሪያው የቀረ ቀን ማሽኑም አብሮ ይቀራል።

ፊደላችን ላይ ሲደርስ

የውጭ አገር መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ይሄንን ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ከላቲኑ የተለየ ጣጣ አለው። ማሽን ስትመርጡም የጨረሩ ነጥብ ቅጥነት ከዋቱ በላይ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

አንዲት ደንበኛ ለልጇ የቁልፍ መያዣ አዘዘችኝ፤ የልጅቷ ስም ቤቴልሔም። ትንሽ የዋንዛ ቁራጭ ላይ፣ ፊደሉ ቁመቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ። ኮምፒውተሩ ላይ ያምር ነበር። ተቀርጾ ሲወጣ የኃምሶቹ ቀለበት ሁሉ ተደፍኗል። ቤ ቢ ሆነ፣ ቴ ቲ ሆነ፣ ሔ ደግሞ ሒ። ልጅቷ ተቀብላ "ቢቲልሒም ማነው?" አለች። እናትየዋ እየሳቀች መለሰችልኝ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨረሩ በነካው ቦታ ዙሪያ እንጨቱ ትንሽ ይከስላል። የቀለበቷ ቀዳዳ ከከሰለው ስፋት ካነሰች ትደፈናለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ለመድሁ። ቀለበቱ ያለበት ጽሑፍ ከአራት ሚሊሜትር በታች እንጨት ላይ አልጽፍም፤ ብረት ላይ በኢንፍራሬድ ከሆነ ከዚያ ማነስ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ፎንት ስመርጥ ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን እፈልጋለሁ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለትልቅ ጽሑፍ ግርማ አለው፤ ለትንሽ ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻለኛል። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ኢንክስኬፕ የሚባል የንድፍ ሶፍትዌር ላይ ጽፌ ወደ ቅርጽ እቀይረውና ነው ወደ ሌዘሩ ሶፍትዌር የምልከው። አለዚያ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይመጣል፤ ያንን ሳያይ የቀረጸ ሰው አውቃለሁ።

አዲስ ዕቃ ሲመጣም መጀመሪያ ጥጉ ላይ ትንንሽ ካሬዎች እሠራለሁ፤ ወደ ጎን ኃይሉ እየጨመረ፣ ወደ ታች ፍጥነቱ እየጨመረ። ከካሬዎቹ ሥር ደግሞ "ቤቴልሔም" ብዬ በሦስት መጠን እጽፋለሁ። የዋንዛው፣ የወይራውና የቀርከሃው የሙከራ ቁራጭ ከማሽኗ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቤቴልሔም ማን እንደሆነች ይጠይቀኛል።